መኪና የማይሄድባቸው የወላይታ መንገዶች

ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከደጃፉ እስከ ጎረቤቱ ደጃፍ፥ ከጎረቤቱም እስከ ውሃው፥ እስከ ገበያውና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእግሩ እየረገጠ መንገድ ያወጣል። ይህ መንገድ መሐንዲስ ያልቀየሰው፥ የመንግሥትም ገንዘብ ያልወጣበት ቢሆን ከመንገድ ሁሉ የቀደመው እርሱ ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ነገር ስለዚሁ መንገድ፥ ይልቁንም በወላይታ አገር ገና ስላልጠፋው፥ መኪና ስለማይሄድበት መንገድ ነው። በእግሩ ለሚሄድም ሆነ በብስክሌት ለሚጓዝ፥ ልጆቹንም አስከትሎ አገሩን ለማየት ለሚወጣ አባትና እናት የሚረባ ምክር ይገኝበታል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ስለ ሌላው አገር ጥቂት እንበል። ፈረንሳይ ብስክሌትን አጥብቀው ከሚወዱ አገሮች አንዷ ናት። በፓሪስ ከተማ ለሠረገላ የሚሆን ዕቃ እየሠራ ይኖር የነበረ ፒየር ሚሾ የተባለ ብረት ሠሪ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1860ዎቹ ዓመታት ከልጆቹ ጋር ሆኖ በፊተኛው ጎማ ላይ ፔዳል ያለው ብስክሌት እየሠራ ይሸጥ ነበር። በ1887 ደግሞ በሴንት ኤቲየን ይኖር የነበረ ፖል ደ ቪቪ የተባለ ሰው ስለ ብስክሌት የሚናገር መጽሔት አቋቁሞ፥ ብስክሌት ለእሽቅድምድም ብቻ ሳይሆን አገርን በዝግታ ለማየትም እንደሚሆን እስኪሞት ድረስ ሲያስተምር ኖረ። እርሱም የሞተው በ1930 ነው።

ነገር ግን ከእርሱ በኋላ አውቶሞቢል እየበዛ ስለ ሄደ፥ በብስክሌት ለሚሄድ ሰውና ለእግረኛ ዋናው መንገድ አስፈሪ ሆነ። ስለዚህ ፈረንሳዮቹ ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። በአገራቸው በደቡብ በኩል ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ ሰው ከ1666 ጀምሮ ያስቆፈረው፥ በ1681 ለጀልባ የተከፈተ የሚዲ ቦይ የሚባል ትልቅ የውሃ መንገድ አለ። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባውን በገመድ የሚጐትቱ ፈረሶች በቦዩ ዳር የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ ነበራቸው። ፈረሱ በሞተር ከተተካ በኋላ ይኸው የፈረስ መንገድ በብዙ ስፍራ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። በቡርጎኝ አገር ደግሞ ባቡር መሄድ ካቆመበት መሥመር ላይ ሐዲዱን አንሥተው፥ ከጂቭሪ ጀምሮ ጥንት እጅግ የታወቀ የመነኮሳት ገዳም እስከ ነበረባት እስከ ክሉኒ ድረስ ያለውን 44 ኪሎ ሜትር ያህል በ1997 ለእግረኛና ለብስክሌት ከፈቱት። የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ በነገሥታቱ አዳራሾች አጠገብ የሚያልፈው የብስክሌት መንገድም ዛሬ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ2004 ደግሞ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ የማይገባበትን፥ ለእግረኛ፥ ለብስክሌትና ለፈረሰኛ ብቻ የተጠበቀውን መንገድ «አረንጓዴ መንገድ» ብለው በመንገድ ሕጋቸው ውስጥ አገቡት።

ከዚህ ነገር የምንማረው ምንድር ነው? ፈረንሳዮቹ አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ፈረስ የተወውን፥ ባቡርም የተወውን መንገድ አንሥተው ለሰው እግር መለሱለት እንጅ። ያንንም ለመመለስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ጠየቃቸው። በእኛ አገር ግን፥ ይልቁንም በወላይታ፥ የሰው መንገድ ገና ከሰው እጅ አልወጣም። እነርሱ የጣሉትን ፈልገው አገኙ፤ የእኛ ሥራ ያለውን አለመጣል ነው።

ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ለሚመጣ መንገደኛ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ መቀመጫዎች ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዳሞታ ከከተማይቱ በላይ ቁሞ ከሩቅ የሚታይ ሲሆን፥ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። የዳሞት ንጉሥ የሞቶሎሚ ስም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ውስጥ እንደሚነሣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። የወላይታ ሽማግሌዎችም ይህን ንጉሥ ከአገራቸው ነገሥታት መካከል ቈጥረው ያወሩታል።

ከሶዶ ከተማ ከሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች አራቱን እንጥቀስ። አንዱ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፥ ሁለተኛው በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፥ ሦስተኛው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፥ አራተኛው በበሌ በኩል ወደ ዳውሮ ይወስዳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ቀንና ሌሊት የጭነት መኪና፥ አውቶቡስ፥ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ይመላለሳል። የገበያ ቀን የሆነ እንደ ሆነ ሸክም ያዘሉ ሴቶች፥ ከብት የሚነዱ ወንዶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው ሲሄዱ ይታያሉ። መኪናውም ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው ያልፋል። በዚህ ስፍራ ልጅን በብስክሌት ማስኬድ ቀርቶ እጁን ይዞ ማሻገርም ልብን ያስጨንቃል።

ነገር ግን ከአስፋልቱ ወደ ጎን ጥቂት ገባ ቢሉ ሌላ ዓለም ይገኛል። መንገዱ በሣር የለበሰ፥ በመካከሉ ብቻ እግር የላጠው ቀይ አፈር የሚታይበት ነው። በግራና በቀኝ አጥር አለ፤ ከአጥሩ በስተጀርባ እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቁሟል። ወላይቶች እንሰትን ኡታ ይሉታል። ከእንሰቱ ሥር ቡናው፥ ከቡናው ወዲያ ጎደሬው፥ ቦዬውና በቆሎው በየተራው ይታያል። ቆርችና ዋንዛ በየድንበሩ ቁመው ጥላ ይሰጣሉ። ቤቱ ከመንገዱ ብዙ ስለማይርቅ ለሚያልፈው ሰው «ሳሮ» የሚል ድምፅ ከደጃፉ ይሰማል፤ ትርጓሜውም ሰላም ማለት ነው። በወላይታ አገር መንገድ ያለ ሰላምታ አይታለፍም። ሰው ጉዳይ የሚጨርስበትና የታረቀም የተጣላም የሚነጋገርበት ዱቡሻ የሚባለው አደባባይም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ልማት ያደነቀ የውጭ አገር ሰው ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ በ1887 ዓ.ም. ከአጤ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ወደ ወላይታ መጥቶ ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል። ያ ዘመን ብዙ ደም የፈሰሰበት፥ የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦናም ቈስለው የተማረኩበት መራራ ዘመን ነበረ። ስለዚህ ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ላይ በደስታ የሚሄድ ሰው የሚረግጠው መሬት የተጐዳና ጕዳቱንም በሥራው የሸፈነ ሕዝብ መሬት መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

አሁን በዝርዝር ሦስት ጉዞዎችን እናመለክታለን። ሦስቱም የተመረጡት ከአስፋልቱ ርቀው በአብዛኛው በአገር ቤት መንገድ ለመሄድ ስለሚመቹ ነው።

የመጀመሪያው በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ያለው መንገድ ነው። ከሶዶ ወጥቶ ተራራውን በስተቀኝ እያዩ ወደ ምዕራብ የሄዱ እንደ ሆነ፥ በተራራው በደቡብ ምዕራብ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባለው ትልቅ የዋሻ ጥላ ይገኛል። በዚህ ስፍራ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በግዛቪዬ ጉቴርዝ የሚመሩ የፈረንሳይ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም በኋላ ከአሜሪካ የመጡ ሊቃውንት ቆፍረው፥ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የጠረቡትን መሣሪያ አግኝተዋል። የታችኛው አፈር ዕድሜ 50 ሺሕ ዓመት ያህል እንደ ሆነ ተመርምሮ ታውቋል። እንግዲህ ሰው በዚህ ተራራ ላይ መንገድ ማውጣት የጀመረው መቼ እንደ ሆነ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ፥ ዋሻውን አሳይቶ መመለስ ይቻላል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛበት ብስክሌት የያዘ ሰው በብዙ ስፍራ ወርዶ መግፋት አለበት። ይህም እንደ ውርደት አይቈጠር፤ ብስክሌቱን የሚገፋ ሰው ከመንገደኛው ጋር እኩል እየሄደ ወሬ መጨዋወት ይችላልና።

ሁለተኛው የአጆራ ጉዞ ነው። አረካ ከሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሆሳዕና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ ስለ እንሰት ምርምር በሚያደርገው የእርሻ ምርምር ማዕከልዋ የታወቀች ናት። እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ መኪና የሚበዛበት አስፋልት ስለ ሆነ፥ ብስክሌቱን በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኖ መሄድን እንመክራለን። ከአረካ በኋላ ግን የገጠሩን መንገድ መያዝ ነው። አጃቾና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን መጥተው በአንድ ጥልቅ ገደል ይወረወራሉ፤ ከዚያም ተገናኝተው ወደ ኦሞ ይወርዳሉ። ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ሙሉ ሲሆን ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ገደሉ አጥር የለውም፤ አፋፉም ላይ ያለው ሣር ያዳልጣል። ስለዚህ ሕፃናትን እጃቸውን ሳይለቁ መያዝና ከአፋፉ ርቆ መቀመጥ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ወደ ሁምቦ የሚወርደው ጉዞ ነው። ከሶዶ በስተደቡብ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ዛፉ ተቈርጦ ካለቀ በኋላ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ በቆላው እርሻ ላይ ያወርደው ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሔክታር የሚሆነውን ቦታ ከመጥረቢያና ከከብት ጠበቁት። ከዚህ በኋላ በመሬት ውስጥ ሥሩ ያልሞተው ጉቶ ሁሉ አቈጠቈጠ። ገበሬዎቹም ቡቃያውን እየመረጡና እየገረዙ ደኑን መልሰው አቆሙት። በብዛት የተነሣው አዲስ የተተከለ ዛፍ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ሥሩ ቀድሞውንም ነበረና። ከደኑ አጠገብ ባለው የእግር መንገድ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ወደ ደቡብ ቢያቀና የዓባያን ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃ ያያል። በዚህ መንገድ ሲወርዱ ብስክሌቱ ራሱ ይሄዳል፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ከባድ፥ የቆላውም ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ ይዞ የመጣ ሰው በመኪና መመለስ ይሻለዋል። ቆላ የሚያድርም የወባ መከላከያ አጎበር አይርሳ።

ስለ ብስክሌቱ አዘገጃጀትም ጥቂት እንናገር። ከሁሉ በፊት የሚመረመረው ፍሬን ነው። በወላይታ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የላላ ብስክሌት ከመያዝ በእግር መሄድ ይሻላል። ጎማው ወፍራም፥ ጥርሱ ያላለቀ ይሁን። ካቴናው ከጭቃ ተጠርጎ ዘይት ይቀባ። ትርፍ ካላማደሪያ፥ ማጣበቂያና መንፊያ መያዝ ያስፈልጋል፤ በአገር ቤት መንገድ ላይ የግራር እሾህ ያገኘው ጎማ ሠሪ ቤት እስኪደርስ አይጠብቅምና። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉዞ የተመቸ ነው። በዝናብ ጊዜ ግን ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከልም ተጣብቆ ጎማውን ያስራል። ውሃ ከቤት ተፈልቶ ወይም በጠርሙስ ታሽጎ ይያዝ። ምግብ ሳይርብ መብላት መልካም ነው፤ የተራበ ልጅ ዳገት አይወጣም። በየገበያው ቡና፥ ቂጣና የወላይታ ዳጣ ስለሚገኝ ስንቅ ማብዛት አያስፈልግም።

ልጆቻችን በብስክሌት መሄድን እንደ ፈረንጅ ጨዋታ ብቻ እንዳይቈጥሩት አንድ ታሪክ እንንገራቸው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለች ጊዜ ከሯጮቿ ጋር የብስክሌት ጋላቢዎችም ልካ ነበር። ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር 25ኛ ሲወጣ፥ የኢትዮጵያ ቡድን ደግሞ 9ኛ ሆነ። በአገራችን ስለ ሩጫ የሚነገረው ብዙ ሲሆን፥ ይህ ግን ከሩጫው ጋር በአንድ ኦሊምፒክ የተጀመረ ክብር ተረስቶ ይኖራል። ሴቶች ልጆችም ከዚህ ነገር እንዳይገለሉ ወላጆችን አደራ እንላለን። ብስክሌት መንዳት የቻለች ልጅ ትምህርት ቤቷ ቢርቅ መንገዱ ያጥርላታል።

በመንገዱ ላይ የሚሄድ ሰው ጠባይም ከብስክሌቱ አዘገጃጀት ያነሰ አይደለም። ሽማግሌ ሲያጋጥም ቀስ ማለት፥ ሸክም ላላቸው ሴቶች መንገድ መልቀቅ፥ ከብት ሲመጣ ቁሞ ማሳለፍ ይገባል። ለቅሶ ሲያልፍ ከብስክሌት ወርዶ ባርኔጣን አውልቆ መቆም ግዴታ ነው። በዱቡሻ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ በመካከላቸው እየጋለቡ ማለፍ ነውር ነው። የሰውን ፎቶግራፍ ሳይጠይቁ ማንሣትም እንዲሁ። ለሕፃናት ገንዘብና ከረሜላ መበተንም ልጆቹን ልመና ያስተምራል እንጅ ደስታ አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? በዝግታ የሚሄድ ሰው የሚያየውም የሚከበረውም ይበዛል።

እስከዚህ ድረስ ያወራነው ስለ ደስታው ነው። አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወደ ገፋፋን ነገር እንግባ።

እነዚህ መንገዶች እየጠበቡ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በወላይታ 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ተቈጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል እንጅ አልቀነሰም። አባት ለልጁ መሬት ሲያካፍል፥ ልጁም ለልጁ ሲያካፍል፥ የሚታረሰው ቦታ ጥቂት ስለሚሆን፥ አጥሩ በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ይገፋል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። ያ አንድ ክንድ መሬት ለእርሱ ሦስት እግር እንሰት ማለት ነው፤ ሦስት እግር እንሰትም በክፉ ቀን የቤተ ሰቡ ምግብ ነው። ነገር ግን በስተግራ ያለው አንድ ክንድ፥ በስተቀኝ ያለውም አንድ ክንድ ሲገፋ፥ ስምንት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበት የነበረው የሣር መንገድ ለሁለት ሰው ይጠባል። ከሁለቱም አንደኛው ከብት ቢነዳ ሌላው እሾህ ላይ መቆም አለበት።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች ነገሩን በሌላ በኩል እናየዋለን። ሰው መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ ዝም ይላል፤ ሲዘጋ ብቻ ይከሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ብዙውን ጊዜ ጎረቤታሞች፥ አንዳንዴም ወንድማማቾች ናቸው። ምስክር ሆነው የሚመጡት ሽማግሌዎች መንገዱ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ሲጠየቁ በሜትር አይመልሱም። «ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች ሳይደናቀፉ ያልፉበት ነበር» ይላሉ። እኛም ይህን ቃል በመዝገብ ስንጽፍ፥ ከዚህ የተሻለ የመንገድ መለኪያ እንደሌለ ተገነዘብን።

አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን አስተውል። ምጥ የጠናባት ሴት ከቤቷ እስከ መኪናው መንገድ የምትደርሰው በዚሁ መንገድ በቃሬዛ ተይዛ ነው። የሞተውም ወደ መቃብሩ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በሰንበት ቀን በብስክሌት ለመንሸራሸር የሚመቸው ስፋትና ሕመምተኛን ለማድረስ የሚያስፈልገው ስፋት አንድ ነው። ስለዚህ ለመዝናናት መንገድ ይጠበቅ ማለት የቅንጦት ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። መንገዱ ለእንግዳ ሲጠብ ለባለቤቱም ይጠባልና።

ለዚህ ነገር ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ዙሪያውን ተከቦ ወደ አደባባይ መውጫ ያጣ የመሬት ባለቤት በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲሰጠው ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ሽማግሌዎችም ከሕጉ በፊት ይህንኑ በዕርቅ ሲፈርዱ ኖረዋል። ነገር ግን በክርክር የሚገኘው መንገድ ለአንድ ቤት የሚበቃ ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ሁሉ የነበረውን ሰፊ የሣር መንገድ አይመልስም። ከመጥፋቱ በፊት መጠበቅ ይሻላል የምንለው ስለዚህ ነው።

ለዚህም የሚሆን ጥሩ ጊዜ አለ። በገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ መሠረት የገበሬው ይዞታ እየተለካ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። መሬቱ በሚለካበት ቀን ባለ ይዞታው፥ ጎረቤቶቹና ሽማግሌዎቹ በአንድነት ድንበሩ ላይ ይቆማሉ። እንግዲህ በዚያው ቀን፥ የእያንዳንዱ ሰው እርሻ ሲለካ፥ የማንም ያልሆነውና የሁሉም የሆነው መንገድም በቃሬዛው ልክ ተለክቶ በካርታው ላይ ቢሰፍር፥ ወደ ፊት ብዙ ክርክር ይቀራል። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ መሥመር መሳል ነው። ፈረንሳዮቹ በ2004 ለአረንጓዴው መንገድ በሕጋቸው ስም እንደ ሰጡት፥ እኛም የአያቶቻችንን መንገድ በካርታችን ላይ ስም እንስጠው።

ሁለተኛው ጥበቃ ደግሞ ከጥላው ጋር የተያያዘ ነው። በሚዲ ቦይ ዳር የተተከሉት የድሮ ዛፎች ከ2006 ወዲህ በታየ ክፉ በሽታ እየሞቱ፥ ፈረንሳዮቹ በብዙ ሺሕ የሚቈጠረውን ቈርጠው በሌላ ዓይነት ዛፍ ለመተካት ተገደዋል። በእኛም አገር እንሰትን የሚያጠወልግ በሽታ አለ። በሽታው የነካውን እንሰት በቈረጠ ቢላዋ ጤነኛውን የቈረጠ ሰው በሽታውን በእጁ ያዛምተዋል። ቢላዋን በእሳት ማንጻት፥ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር ይገባል። ስለዚህ መንገደኛም የእንሰት ቅጠል ለጥላ ወይም ለጨዋታ እየቀጠፈ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እንዳይወስድ አደራ እንለዋለን። እንሰቱ ከጠፋ ቤቱ ምግቡን፥ መንገዱም ውበቱን ያጣል።

ሦስተኛው የሞተር ብስክሌት ነገር ነው። ሞተሩ ለገጠሩ ሰው ብዙ ጥቅም አምጥቷል፤ ሐኪም ጋ ያደርሳል፥ ዕቃም ያመላልሳል። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የሞተር መንገድና የልጆች መንገድ አንድ ሲሆን የሚጐዳው ልጁ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግተው፥ ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ ሲዝናናባቸው ታይቷል። ከተማ ይህን ለማድረግ ፖሊስና አጥር ያስፈልገዋል። በወላይታ መንደሮች ግን ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው ሞተር በየትኛው መንገድ እንዲያልፍ፥ በየትኛውም እንዳያልፍ ቢወስኑ፥ ቃላቸው ከአጥር ይልቅ ይከበራል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ለቤተ ሰብ አለቆች የምናቀርበው ልመና አጭር ነው። በሚመጣው የዕረፍት ቀን፥ ብስክሌት ያለው በብስክሌቱ፥ የሌለውም በእግሩ፥ ልጆቹን ይዞ ከአስፋልቱ ወጣ ይበል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አምስት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ልጆቹ የእንሰቱን ዓይነት፥ የዛፉንም ስም ይጠይቁ፤ ሽማግሌዎችም መንገዱ ወዴት ይወስድ እንደ ነበረ ይንገሯቸው። ልጅ የሄደበትን መንገድ ስም ያውቃል፤ ስሙን ያወቀውንም መንገድ ሲዘጋ ዝም ብሎ አያይም።

መንገዱም አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ የሚያልፍበት ሆኖ ይኑር። ይህ ለጎብኚውም፥ ለሕመምተኛውም፥ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሮጠውም ልጅ ይበቃል።